«ጥር ላይ ማን ያጠጣል?»፦ ስም የሌላት የወንዝ ዳር ችግኝ ቤት

ታፔላ የላትም። ስምም የላትም። ሰው ሲጠቁማችሁ «ሰማያዊው ሮቶ ያለበት» ነው የሚላችሁ። ከአያት ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ ስትሄዱ ከዋናው መንገድ ወደ ወንዝ የምትወርድ ኮረኮንች አለች። በክረምት በነጠላ ጫማ እንዳትሞክሯት። እኔ ሞክሬ ግማሹን መንገድ በቂጤ ነው የወረድኩት። ታች ስትደርሱ በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረ ቦታ አለ። ዳስ አለ። ከዳሱ ሥር አፈር የተሞሉ ጥቁር ፕላስቲኮች በየመደቡ ተደርድረው ታያላችሁ። እሷ ናት።

ስለ ችግኝ ቤት አስተያየት መጻፍ ትንሽ ያስቸግራል። ምግብ ቤት ቢሆን በልታችሁ ስትወጡ ነገሩ አልቋል። ችግኝ ግን በገዙበት ቀን ሁሉም ያምራል። ስለዚህ አንድ ዓመት ጠበቅኩ። ደጋግሜ ወረድኩ፣ ሁለት ጊዜ ገዛሁ፣ አንድ ጊዜ ተጣላሁ። የገዛሁትን ዛፍ በየወሩ ቆጠርኩ። አሁን መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ የራሳችንን ጉድ ላውጣ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ወድጄ አይደለም፤ በምርጫው ቀን አርፍጄ ስደርስ ተመርጫለሁ። ሰፈሩ ትናንት እርሻ የነበረ ሜዳ ነው። አሁን ዓይን እስኪደክም ብሎክ ነው። ንፋሱን የሚይዘው ነገር የለም። ከጥቅምት በኋላ አቧራው በመስኮት ስንጥቅ እየገባ ረከቦት ላይ ሳይቀር ይተኛል። ስለዚህ ዛፍ እንትከል ሲባል እጁን ያላወጣ አልነበረም።

ሐምሌ 2016 ላይ 60 ችግኝ በነጻ መጣልን። ከማን እንደመጣ ይቅር፤ ሰጪው ክፉ አላሰበም። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቲሸርት ነበር፣ ማይክ ነበር፣ ፎቶ ነበር። እኔም አካፋ ይዤ ፎቶው ላይ አለሁ። ስልሳውን በአንድ ሰዓት ተኩል ተክለን ጨረስንና ቡና ጠጣን። በዓመቱ ስቆጥር 9 ቀርተዋል። ከዘጠኙ ሰባቱ ግራቪሊያ ናቸው። ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ንፋስ ሲመታው ደግሞ ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል።

የእኛ ብሎክ ጉድ ብቻ አይመስለኝም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ያ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለ ጊዜ፣ እኔም መሥሪያ ቤቴ ደጅ ሁለት ተክያለሁ። አንዱ አለ። አንዱ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። መትከሉን ተክነንበታል። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ራሱ ያጠጣልናል። ጥር ላይ ግን ያ ሁሉ ቲሸርት የት እንደሚገባ እንጃ።

እንግዲህ ግንቦት 2017 ላይ ለሁለተኛ ዙር ከየቤቱ 150 ብር እንዲዋጣ ተወሰነ። 40 ቤት ነን። 34ቱ ከፈሉ። ስድስቱን አሁንም እየጠየቅኩ ነው። ብሩን ይዤ ወደ ሰማያዊው ሮቶ የወረድኩት ያኔ ነው።

ባለቤቷ ስድሳን የተሻገሩ እናት ናቸው። ሻሽ አሥረው፣ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ይሞሉ ነበር። እጃቸውን ሳያቆሙ ነው ያነጋገሩኝ።

«ለየት ነው ልጄ?»

«ለኮንዶሚኒየም ግቢ ነው እማማ። አራብሳ።»

«አፈሩ ዋልካ ነው?»

«ጥቁር ነው። ክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል።»

«ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል?»

«ሁለት ቀን። አንዳንዴ አንድ።»

«እና ጥር ላይ ማን ያጠጣል?»

ዝም አልኩ። «ኮሚቴ አለን» ልል ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ።

«እንግዲያው ሂጂና የሚያጠጣ ሰው ፈልጊ። ስሙን ጽፈሽ ነይ። ችግኙ የትም አይሄድም።»

5,100 ብር በቦርሳዬ ይዤ ተመለስኩ። ሻጭ ደንበኛውን ሲያባርር እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ለሊቀመንበራችን ስነግራቸው ሳቁና «ችግኝ ሻጭ ሞልቶ! መንገድ ዳር ግዢ» አሉኝ። እውነትም ሞልቷል። በማግስቱ አስፋልት ዳር ካሉት አንዱ ጋ ቆምኩና ያንኑ ጥያቄ እኔ ጠየቅኩ። አራብሳ ምን ይሆናል? ልጁ «ሁሉም ይሆናል እህቴ» አለኝ። ኮሶም፣ ዝግባም፣ ማንጎም። ማንጎ! አርባ ምንጭ መስሎት እንደሆነ እንጃ። አመስግኜ ወጣሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስወርድ አምስት ስም ይዤ ነው። አራት የምድር ቤት ነዋሪዎች፣ አምስተኛው ጥበቃችን። እማማ ወረቀቱን ተቀብለው ርቀት ላይ ይዘው አነበቡና «ጥበቃው ይከፈለዋል ወይ?» አሉ። አልተከፈለውም ነበር። አሁን በወር ትንሽ ነገር ጨምረንለታል። ከዚያ ቦታውን ካላየሁ አልሸጥም አሉ። ለማየት 300 ብር ያስከፍላሉ። ሊቀመንበራችን ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። እኔ ግን አሁን ቆሜ ሳስበው፣ ከአጠቃላይ ወጪያችን እንደዚያ 300 ብር የጠቀመን የለም።

በማግስቱ በታክሲ መጡ። ዶማ ራሳቸው ይዘው ነው የመጡት። ግቢው መሀል አንድ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ጉልበት የሚያህል ጥልቀት ይሆናል። አንድ ባልዲ ውሃ አስደፉበት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጡና ሻይ ጠየቁ። ሻይ ጠጡ። ስለ ሰፈሩ ጠየቁ። ሌላ ሻይ ጠጡ። እኔ ስልኬን አየሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖት ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ውሃው እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሰማዩ ይታይበታል።

«ይኸው ገዳይሽ» አሉ።

ለካ ያ ሁሉ ችግኛችን ጥር ላይ ብቻ አይደለም የሞተው። ግማሹ ሐምሌ ላይ፣ እኛ ጎሽ ጸድቋል ስንል፣ ሥሩ በውሃ ታፍኖ በስብሷል። ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በጋ ይሰነጠቅና የቀረውን ሥር ይበጥሳል። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው። ጉድጓዱን ትቆፍሩና አፈሩን ከፍግና ከቀይ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ መልሳችሁ ትሞላላችሁ። ከመሬቱ በላይ ቁልል ታደርጉታላችሁ። ችግኙ ቁልሉ ላይ ይተከላል። ውሃው በጎን ይወርዳል። ሃምሳ አንድ ችግኝ ገድለን ይህን አናውቅም ነበር። የነገረንም የለም።

ቀጥሎ ግቢውን ዞሩ። ሊቀመንበራችን ሾላ ይፈልጉ ነበር፤ ጥላው ሰፊ ነው ብለው። እማማ የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን በእግራቸው መቱና «ሾላ እዚህ? ሥሩ ይሄን ሰብሮ ይገባና ያኔ ታዩታላችሁ» አሉ። ኮሶም ከለከሉን። ኮሶ ብርድና ጉም ይፈልጋል፣ እንጦጦ ይሻለዋል፣ ይሄ ንፋስ ያደርቀዋል አሉ። ሊቀመንበራችን «እንግዲያው እንደ ኮሪደሩ ዘንባባ» አሉ። እማማ ዘንባባ አይሸጡም። «ሥሩ ቁጭ ብለው ቡና ጠጥተውበት ያውቃሉ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

የሚጥመው ክርክር ባህር ዛፍ ላይ ነበር። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ከአጥሩ ጥግ አንድ መስመር ባህር ዛፍ ቢተከል፣ በአምስት ዓመት አጣና ይሆነናል፣ ገቢም ነው አሉ። እማማ እንቢ አሉ፤ ችግኝ ቤታቸውም የለም። ሊቀመንበር በዚህ ጊዜ ክፍል ውስጥ እንደገቡ ያህል ድምጻቸው ተለወጠ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ ዙሪያዋን ያለው እንጨት አለቀ። ማገዶ ጠፋ። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። ከተማዋ እዚሁ የቀረችው ባህር ዛፍ መጥቶ ማገዶውን ስለቻለ ነው። «ባህር ዛፍ ባይኖር እርስዎም እኔም እዚህ አንቆምም ነበር» ብለው ጨረሱ። ጎረቤቶች ሁሉ ጸጥ ብለን ነበር የምንሰማው። ጥሩ ነበር የተናገሩት።

«እሱስ ልክ ነው ጋሼ» አሉ እማማ። «እርስዎ ቤት እንጀራው በእንጨት ነው የሚጋገረው?»

በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሚስታቸው ከኋላ ሆነው ሳቁ። ባህር ዛፉ በዚያ ተዘጋ።

እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት። ለእኔ ባህር ዛፍ ማለት ከእንጦጦ ቁልቁል የሚመጡት ሴቶች ናቸው። ጀርባቸው ላይ ከራሳቸው የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎብጠው፣ መሬት መሬት እያዩ ይወርዱ ነበር። ፊታቸውን አላስታውስም፤ እግራቸውን ነው የማስታውሰው። አሁን እዚያ ላይ ከ2013 ጀምሮ ፓርክ አለ፤ ሰው ለሽርሽር ይወጣል። ወረድ ብሎ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ፤ 705 ሄክታር ነው። ባህር ዛፉ ቀስ በቀስ እየተነሣ በአገር በቀል ዛፍ እየተተካ ነው። ልጆቻችሁን አንድ እሁድ ውሰዷቸው። እኔ የወሰድኳት የእህቴ ልጅ ወይራ ማለት እናቷ ማሰሮ የምታጥንበት እንጨት እንጂ ቅጠል ያለው ነገር አይመስላትም ነበር።

ወደ ግዢው ልመለስ። ዋጋው ርካሽ አይደለም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስምንት የአበሻ ግራር በ80 ብር፣ ስድስት ወይራ በ150፣ አራት ዝግባ በ200፣ አራት ጥቁር እንጨት በ150፣ ሁለት አቮካዶ በ350 ብር ገዛን። 24 ችግኝ፣ 3,640 ብር። ዳማስ 800 ብር ጠየቀን። ከ300ው ጋር 4,740 ብር ሆነ። መንገድ ዳር በግማሹ ይገኛል። ግን የእማማ ችግኝ ቁመቱ ከወገብ በላይ ነው፣ ግንዱም ጠንካራ ነው። ከመሸጣቸው በፊት ሁለት ወር ያህል ከዳሱ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆዩታል፤ ውሃም ይቀንሱበታል። «ጥላ ለምዶ የወጣ ልጅ አንድ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይወድቃል» ይላሉ። መንገድ ዳር የምታዩት ለምለም ችግኝ ብዙ ጊዜ ከጥላ በቀጥታ የወጣ ነው። ለምለምነቱ አያታልላችሁ።

አተካከሉንም ያሳያሉ፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ይሄን ክፍል ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ እኔ በዕድሜዬ ስንት ችግኝ ተክዬ አንድ ቀን እንኳ በትክክል አልተከልኩም ነበርና። ችግኙን በጎኑ መሬት ላይ ያስተኙታል። ፕላስቲኩን ከታች ወደ ላይ በምላጭ ይቀዱታል፤ እንደ አሳ ሆድ። አፈሩ ሳይፈርስ ፕላስቲኩ ይላቀቃል። ከዚያ ታቹን ያሳዩዋችኋል። ሥሩ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ቂጥ ላይ እንደ ፓስታ ተጠቅልሏል። ያንን ጥቅል በምላጩ ቆርጠው ይጥሉታል። እኔ ቀፈፈኝ፤ ሥር ሲቆረጥ ማየት። «ካልቆረጥሽው እየዞረ እየዞረ ራሱን ያንቃል» አሉኝ። ባለፈው ዓመት ከነፕላስቲኩ የተተከሉ ችግኞች እንደነበሩ ያኔ ትዝ አለኝ። አንዱን በኋላ ነቅዬ አየሁት። እንደ ታሸገ ዕቃ ነበር፤ አንድም ሥር አልወጣም።

ፕላስቲኩን መልሳችሁ ብትወስዱላቸው በአንዱ 2 ብር ይከፍላሉ። 48 ብር ተቀብያለሁ፤ መዝገቤ ላይ ገቢ አድርጌዋለሁ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክለው ሕግ ከጸደቀ ወዲህ ስለ ፕላስቲክ የማያወራ የለም። የችግኝ ፕላስቲክ ግን ሲነሣ አልሰማሁም። ክረምት በወጣ ቁጥር ዛፍ የተተከለበትን ቦታ ሁሉ ሂዱና እዩ፤ ጥቁር ቁርጥራጭ ነው። እማማ ያጥቡትና ደግመው ይሞሉታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ያገለግላል አሉ።

ውሃው ነገር ላይ የሰጡን ዘዴ ደግሞ ሃይላንድ ነው። የሁለት ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ትቆርጣላችሁ። ክዳኑን በጋለ ምስማር ትበሳላችሁ፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ። ከችግኙ አጠገብ ዘቅዝቃችሁ አፈሩ ውስጥ ትሰኩታላችሁ። በሦስት ቀን አንዴ ትሞላላችሁ። ውሃው በላይ አይተንም፤ ቀስ እያለ ሥሩ ጋ ይደርሳል። ጎመንና ድንች የታጠበበት እጣቢ ይሆናል። የልብስ እጣቢ በረኪና ካለበት አይሆንም። ኅዳር ላይ ለሃያ አራቱም ችግኝ ሰካን። በኅዳር መጨረሻ ቆራሌው አንድ ጠዋት 11ዱን ለቅሞ ሄደ። ግቢያችን ውስጥ ሃይላንድ ተዘቅዝቆ ቆሞ ሲያይ ምን ያስብ? ደግመን ሰካን። ጥበቃው ከዚያ በኋላ በየሃይላንዱ ላይ በማርከር «አይነሣም» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ አንድም አልጠፋም።

እንግዲህ ቆጠራው። ዛሬ ግንቦት 2018 ነው። ከ24ቱ 20 አሉ።

ከአራቱ አንዱ ግራር ነው፤ ወደ ኋላ የመጣ መኪና ጨፈለቀው። ሁለቱ ጥቁር እንጨቶች የካቲት ላይ ደረቁ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ የሚያጠጣው ቤት ሰው ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበርና ተተኪ አልተመደበም። ያሳዝነኛል፤ ጥቁር እንጨት ልጣጩ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ውጭ አገር ሳይቀር የሚታወቅ ዛፍ ነው። አራተኛው ወይራ ነው። ወይራውን የበላው በግ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን በጋቸውን ወይራው ላይ አሠሩት። ወይራ ላይ! ከሰዓት ስመለስ ግንዱ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም ተልጦ። ጎረቤቴን ምንም አላልኳቸውም፤ ዓመት በዓል ነው። ቁርጡን ሲልኩልኝ ግን ሁለት ሰሃን ነበር። ገብቷቸዋል መሰለኝ።

ዝግባዎቹ አራቱም አሉ። ዝግባ ስሙ ራሱ በዝግታ የሚለውን ያስታውሰኛል፤ በዓመት ስንዝር ተኩል ቢጨምር ነው። ሁለቱን የሰፈሩ ልጆች የጎል ቋሚ አድርገዋቸዋል። መጀመሪያ ልቆጣ ነበር። በኋላ ሳይ፣ ኳስ ሲመታቸው የሚጮኹት ራሳቸው ናቸው። ዙሪያቸውን ድንጋይ ደርድረውላቸዋል። አንዱን ሲያጠጡም አይቻለሁ፤ ለጎሉ ሲሉ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር፤ አለኝና። ደረሰኝ የለም። ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለገንዘብ ያዥ ግን ራስ ምታት ነው። 3,640 ብር በምን ላወራርድ? ወረቀት ይዤ ወርጄ፣ ራሴ ጽፌ፣ እማማን አስፈርሜ መጣሁ። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ ሰው «ይሄ የአንቺ ጽሕፈት አይደለም ወይ?» ብሎ አፋጠጠኝ። የኔ ነው፤ ምን ልበል።

ስልክ አያነሡም። ጭራሽ። ስልኩ ዳሱ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፣ እሳቸው መደብ ላይ ናቸው። ካልወረዳችሁ አታገኟቸውም። በወር በ12 እና በ21 ዝግ ነው፤ ሚካኤልና ማርያም። እኔ ሁለቱንም ቀን ከንቱ ወርጃለሁ።

የተጣላነው በአቮካዶው ነው። 350 ብር የከፈልነው የተዳቀለ ነው ተብሎ ነው። ማለትም ጥሩ የሚያፈራ አቮካዶ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ የተቀጠለ። እንደዚያ የሆነው በሦስት ዓመት ገደማ ያፈራል። ከዘር የበቀለው ግን ረጅም ዓመት ያስጠብቅና ፍሬውም ምን እንደሚሆን አይታወቅም። መስከረም ላይ ግብርና የሚያውቅ ጎረቤት መጥቶ ሁለቱን አየ። አንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ጠባሳ አለው፤ ትንሽ ወልገድ ብሎ የተቀጠለበት ቦታ። ሌላው ከሥር እስከ ጫፍ ልስልስ ነው። አልተዳቀለም። ወረድኩ። እማማ መጀመሪያ «አይሆንም» አሉ። ፎቶውን አሳየኋቸው። ያሳደጉትን የሚሸጥላቸውን ልጅ ጠሩና ጠየቁ፤ ከሁለት መደብ ቀላቅሎ ነው የሰጠው። ልጁን ተቆጡት። እኔንም ተቆጡኝ፤ «ግንዱን ሳታዪ ከፍለሽ?» ብለው። ይቅርታ አልጠየቁም። 200 ብር ግን መለሱ። ችግኙን ውሰዱት ስላቸው «ተክለሽዋል፤ ይቁም» አሉ። ስለዚህ አቮካዶ ከገዛችሁ፣ ከእሳቸውም ይሁን ከሌላ፣ ጠባሳውን በጣታችሁ ዳስሳችሁ ነው ብር የምታወጡት።

ኮከብ ስጪ ብትሉኝ ከአምስት አራት። አንዱን የወሰደው አቮካዶው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። የሰላጣና የጎመን ችግኝ አይሸጡም። ወንዝ ዳር ሆነው እንዴት ስላቸው ወንዙን በአገጫቸው አሳዩኝ። ውሃው ጥቁር ነው፤ ሽታውም ይመጣል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረት መገኘቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ይሄኛው የትኛው ወንዝ ጋ እንደሚቀላቀል እሳቸውም አላሳሰባቸውም። «ከላይ ያለው ብሎክ ሁሉ ፍሳሹን የት የሚያደርገው ይመስልሻል?» አሉኝ። እኔም ብሎክ ውስጥ ነው የምኖረው፤ መልስ አልነበረኝም። ሮቶው ለዚህ ነው። ክረምት ከዳሱ ቆርቆሮ በአሸንዳ ይሞላል፤ በጋ ከጉድጓድ ይቀዱበታል። ወንዙን አይነኩትም።

ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር ይለማል ከተባለ ወዲህ፣ በየወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ እኔ ጋስ መቼ ይመጣል እያለ ነው። እማማም ይነሣሉ እየተባለ ይወራል። ይሄ ነገር አያሳስብዎትም ወይ ስላቸው ዙሪያቸውን አዩ። «ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ነገር ይነሣል» አሉ። «ለዚህ አይደል ፕላስቲክ ውስጥ ያለው።» ከዚያ ወደ አፈር መሙላታቸው ተመለሱ። ስለዚህ መሄድ የምትፈልጉ ቶሎ ሂዱ።

ባለፈው ቅዳሜ የሞቱትን ልተካ ወርጄ ነበር። ሰላምታ ሳይሰጡ «ስንት ቀረ?» አሉኝ።

«ሃያ።»

«አራቱን ምን በላቸው?»

መኪናውን ነገርኳቸው። የደረቁትን ሁለቱን ነገርኳቸው፤ ተቀየሙኝ፣ ዝም ብለው ቆዩ። የበጉን ስነግራቸው ሻሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሦስት ብቻ ሸጡልኝ። የወይራውን ቦታ ተዪው አሉ፤ ሰው አንዴ በግ ያሠረበትን ቦታ አይረሳም፣ በሚቀጥለው ፋሲካም እዚያው ነው የሚያሥረው።

ሰኔ ሳይገፋ ሂዱ፤ ሰኔ ከገፋ ዝግባ አይገኝም። ዝርዝር ብር ያዙ። ደረሰኝ ለሚጠየቅ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶም ያዙ። የሚያጠጣውን ሰው ስም አትርሱ። ሰኔ 12 ግን አትሂዱ፤ ሚካኤል ነው።